የሮብና የአርብ ኬክ

ሮብና አርብ ወተት አልጠጣም።

ሌላ ሰው ቢለው ችግር የለውም። እኔ ግን የተማርኩት የወተት ቴክኖሎጂ ነው፤ ያውም ሆላንድ፣ ላም ከሰው በሚበዛበት አንድ ትንሽ ከተማ። አይብ መቅመስ የሥራዬ አካል ነበር። ሮብ ዕለት ባልደረቦቼ ማንኪያቸውን ይዘው ሲሰለፉ እኔ አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ እንዳለኝ ሆኜ ከክፍሉ እወጣለሁ። አለቃዬ ወተት ለሆዴ እንደማይስማማኝ ደምድሞ ነበር። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ደግሞ ሃይማኖተኛ መሆኔን ለእንግዶቿ ሁሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታስረዳልኛለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ሁለቱንም አላረምኳቸውም። ሆዴ ደህና ነው። ስለ ሃይማኖቱ፣ አምናለሁ ብል አፌ አይሞላም፤ አላምንም ብል ደግሞ እናቴ ትሰማለች።

ምክንያቱ አንድ ልጅ ነው። ኢያቄም ይባላል።

በ2006 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው መካኒሳ ነው፣ እኔና እናቴ ብቻ። እናቴ ፅጌረዳ ከሆሳዕና የመጣች ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋው ግን የመዘምራን ጋውን ብቻ ነው። ከሣር ቤት እስከ ሀይሌ ጋርመንት ያሉ የጴንጤ ቸርቾች ዘማሪዎቻቸውን የሚያለብሱት እሷ ጋ ነበር። ሳሎናችን ሁልጊዜ ሐምራዊ ወይም ወርቃማ ጨርቅ ተዘርግቶበት ነው የሚውለው። ራት የምንበላው ጨርቁን ወደ አንድ ጥግ ሰብስበን ነው።

ጊዜዬ የጌታ ነበር። ማክሰኞ የታዳጊ መዘምራን ልምምድ፣ ሐሙስ ጸሎት፣ ቅዳሜ እንደገና ልምምድ፣ እሁድ ቀኑን ሙሉ ቸርች። ሰኞ ልብስ አጥባለሁ። ለዓለም የተረፉት ሮብና አርብ ብቻ ነበሩ፤ እነሱን ደግሞ እትዬ ወርቅዬ ወሰዷቸው።

እትዬ ወርቅዬ ከታክሲው መያዣ አጠገብ ኬክ ቤት ነበራቸው። ወደ መካኒሳ አቦ የሚሄድ ምእመን ሁሉ በበራቸው ነው የሚያልፈው፤ ከመደርደሪያው በላይ የጻድቁ ሥዕል ተሰቅሏል፣ አንበሶቹና ነብሮቹ በእግሩ ሥር ተኝተው። ጋጋሪያቸው ታሪኩ እጁ ወርቅ ነው፤ ልደት ኬክ ላይ ስም ሲጽፍ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስል ነበር። አንድ እናት የልጇ ስም ሳይሆን የሌላ ልጅ ስም ነው ብላ ኬኩን ከመለሰች በኋላ እትዬ ወርቅዬ የእድሩን ማስታወቂያ ማን እንደጻፈው ጠየቁ። እኔ ነበርኩ።

እናቴና እሳቸው በራችን ላይ ቆመው ሲነጋገሩ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ ሰማኋቸው።

“አደራ ወርቅዬ። ልጅ ናት።”

“ፅጌ ሙች፣ እሳት አጠገብ አትደርስም። ጽሕፈት ብቻ ነው።”

“የምልሽ እሳት ሌላ ነው።”

“ገባኝ እኮ! እኔ እያለሁ ማን ዝር ይላል?”

ስለ ምድጃው የሚያወሩ መስሎኝ፣ እናቴ ይህን ያህል ፈሪ መሆኗ አሳፈረኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ከትምህርት ቤት በአሥር ሰዓት እመጣለሁ፣ ሽርጥ አስራለሁ፣ ታሪኩ ከወረቀት ጠቅልሎ የሠራልኝን ቀጭን ኮን ይዤ “እንኳን ተወለድክ” እጽፋለሁ። ትእዛዝ በሌለ ሰዓት መደርደሪያው ጋ ቆሜ ቁራሽ ኬክ እሸጣለሁ። እትዬ ወርቅዬ ሮብና አርብ ለገባ ሰው ሁሉ መጠየቅ ያለብኝን አንድ ጥያቄ አስተማሩኝ፦ “የጾም ነው የፍስክ?” ኬኮቹ በሁለት መስታወት ተለይተው ተቀምጠዋል። በአንዱ ክሬሙ የሚፈስ፣ ወተትና ቅቤው የሚታይ። በሌላው የጾሙ፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ላይ ስስ ማርማላታ የተቀባ፣ ያለ ሻይ የማይወርድ።

ኢያቄም በጥር አንድ ሮብ ገባ። ወደ ሀይሌ ጋርመንት የሚሄደው የታክሲ ሰልፍ ጭራው ኬክ ቤቱ በር ድረስ ይደርስ ነበር። እሱ ከሰልፉ ወጥቶ፣ የማላውቀው ትምህርት ቤት ሰማያዊ ሹራብ እንደለበሰ፣ መስታወቱ ፊት ቆመ። ረጅም ነው፤ ቁመቱን የት እንደሚያስቀምጠው ገና አልወሰነም።

“የጾም ነው የፍስክ?” አልኩት።

ክሬሙን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ከራሴ በላይ ያለውን ሥዕል፣ አንበሶቹን፣ ነብሮቹን አየና ምራቁን ዋጠ።

“የጾም” አለ።

ምራቁን የዋጠው ከአክብሮት ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው የዋጠው ለክሬሙ ነው።

አርብ ተመልሶ መጣ። በሚቀጥለው ሮብም። ከሮብና ከአርብ በቀር ደጁን አይረግጥም፤ የሚያዘውም ያንኑ ደረቅ ኬክ። አንድ ቀን ከጓዳ ስወጣ እትዬ ወርቅዬ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው ሲነግሩት አየሁ። ለቅሶ እንደተረዳ ሰው በዝግታ ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ታክሲው ሰልፍ የሚያወሩ መስሎኝ አለፍኩ። እሱ እንደወጣ ወደ እኔ ዞሩ።

“ያንን ልጅ አየሽው?”

“የቱን?” አልኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

“የአቦ ሰንበት ተማሪ ነው። ዲያቆን ሊሆን ነው ይላሉ። እንደሱ ያለ ጾመኛ ልጅ በዚህ ዘመን የለም።” ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና “ለማንኛውም ልንገርሽ ብዬ ነው” አሉ።

ያን ሌሊት አለቀስኩ። የአክስቴ ልጅ ኦርቶዶክስ ባገባች ጊዜ እናቴ ለሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም ነበር። ያለኝ ምርጫ ሁለት ብቻ መሰለኝ፤ ወይ ኢያቄምን መተው፣ ወይ ሮብና አርብ፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ኦርቶዶክስ መሆን። ሁለተኛውን መረጥኩ። ሽርጥ እንደማሰር ነው ብዬ።

የእትዬ ወርቅዬን የግድግዳ ካላንደር አጠናሁት። አንድ ልደታ፣ አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ሁለት ሚካኤል። ለፊዚክስ ፈተና እንዲህ ሆኜ አጥንቼ አላውቅም። የካቲት አሥራ ሁለት ሮብ ዋለ፤ ኢያቄም ኬኩን እንደነከሰ ዕድሌን ሞከርኩ።

“እንኳን ለሚካኤል አደረሰህ።”

ትን አለው። ውኃ ሰጠሁት።

“እንኳን… እንኳን አብሮ። ለሚካኤል። አብሮ አደረሰን።” ዓይኑ እንባ ሞልቷል። “አንቺ ሁሉንም ነው እንዴ የምታውቂው?”

“ከልጅነቴ ጀምሮ ነው” አልኩ።

“እኔም” አለ።

ታሪኩ ከጓዳ በር ላይ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሲያየን ነበር። እትዬ ወርቅዬ “ታሪኩ! እነዚህ ልጆች ሳያውቁት ገነት ሊገቡ ነው” አሉት። እሱ ሳቁን አፍኖ ገባ። ስለ ሌላ ልጆች የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ያኔ ትልልቅ ሰዎች የሚያወሩት ሁሉ ስለ ሌላ ልጆች ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

የወደድኩት ልጅ ሃምሳ አምስት ቀን ሲጾም እኔ ቤት ገብቼ እንቁላል ብበላ አፌ ላይ ይነበብብኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ጾምኩ። ወተት ተውኩ፣ ቅቤ ተውኩ፣ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሠራትን ዶሮ ሆዴን አመመኝ ብዬ ተውኩ። እናቴ ለአንድ ሳምንት ዝም ብላ አየችኝ። በሁለተኛው እሁድ ምስክርነት ሲጠየቅ ቸርች መሐል ተነሳች።

“ልጄ ማንም ሳይነግራት እየጾመች እየጸለየች ነው። ጌታ በዚህ ዘመን ታዳጊዎችን እያስነሳ ነው!”

እልልታው ጣራውን አነሳው። አንዲት እናት መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ያንንም ትሕትና ነው አሉት።

አሁን ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። እናቴ ብታውቅ በጉባኤ ፊት ዋሸችብኝ ትላለች። ኢያቄም ቢያውቅ ደግሞ በጻድቁ ስም ያላገጠች ጴንጤ ነች ብሎ ዳግም አያየኝም። ሌሊት ሌሊት የምጸልየው ስለ አንድ ነገር ነበር፦ እንዳልያዝ።

መጋቢት አምስት አርብ ዋለ። የአቦ ዓመታዊ በዓል ነው፤ በዚያ ቀን መካኒሳ መንገዱ ሁሉ ነጭ ለብሶ ይውላል። ኢያቄም ከዚያ በፊት በነበረው ሮብ ኬኩን በሹካ ሲቆፍር ቆየና፣ “አርብ አቦ ነው አይደል?” አለ።

“ነው እንጂ።”

“ትሄጃለሽ?”

“እንዴ! መቅረት አለ እንዴ?”

“የለም፣ የለም። እኔም መቼም አልቀርም።” ሹካውን አስቀመጠ። “አብረን እንሂድ?”

“እንሂድ።”

ሁለታችንም አንዳችን እምቢ እንዲል እየጠበቅን ነበር። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው።

አርብ ዕለት እትዬ ወርቅዬን ነጠላ ያውሱኝ ብዬ ጠየቅኋቸው። በግራ እጃቸው አፋቸውን ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

“እናትሽ ታውቃለች?”

“ታውቃለች።”

“እሺ።” ነጠላውን ደረቴ ላይ አመሳቅለው አለበሱኝ። “መቼም ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሄደ ተብሎ አይከሰስም። ነይ፣ ጫፉን እንዲህ።” ወደ ጓዳ ሲገቡ ታሪኩ ሲስቅ ሰማሁ፤ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ።

ኢያቄም በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ነጠላው አዲስ ነው፤ የሱቁ እጥፋት አልለቀቀውም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደሚወለቅ ግን አላውቅም። እንዳልሳሳት ብዬ እዚያው ከግቢው በር ላይ አወለቅሁ። እሱ እግሬን አየና አፍታ ሳይቆይ እሱም አወለቀ። የግራ ካልሲው ቀዳዳ ነበረው፤ አውራ ጣቱ ወጥቶ ፀሐይ ሞቀ። ጫማ ካደረገው ሕዝብ ሁሉ መሐል እኛ ሁለታችን የጋለ ጠጠር ላይ እየዘለልን ሄድን።

አንድ ሽማግሌ በጭራቸው አስቆሙን። “ልጆቼ፣ ስለት ነው?”

“አዎ” አልን እኩል።

“ይስመርላችሁ! ይስመርላችሁ የኔ ልጆች!” ብለው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

እኔ ሴቶቹ ወደሚሄዱበት ሄድኩ። ኢያቄም ተከተለኝ። ደጃፉ ላይ አንዲት እናት በመቋሚያቸው አገዱት፦ “አንተ ልጅ! ወዴት ነው? የወንድ በር በወዲያ ነው!” እሱ ደንግጦ ዞሮ ሮጠ። እኔ በዚያች ቅጽበት ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ዲያቆን ሊሆን የተቃረበ ልጅ የወንድና የሴት በር እስኪጠፋው ድረስ ወዶኛል! ለዓመታት የፍቅር ማስረጃ አድርጌ የያዝኩት ይህንን ነበር። የወንድ በር የሚባል ነገር መኖሩን እንደማያውቅ የሚጠረጥር ልብ አልነበረኝም።

ግድግዳውን ተጠግቼ ቆምኩ። ዙሪያዬ ሴቶች ይሰግዳሉ። ሲሰግዱ ሰገድኩ፤ ሲነሱ ተነሳሁ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ዳቦዋን ቆርሳ፣ ማን ነሽ ሳትል፣ “እንቺ የኔ ልጅ፣ የአቦን” ብላ እጄ ላይ አደረገችልኝ። ያኔ አፍሬ ወዲያው ዓይኔን ጨፈንኩ። አንተ የሁለታችንም ከሆንክ፣ አልኩ፣ ልጁን አትውሰድብኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ቆሜ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን የሚሰማኝ ሰው ያለ መስሎኝ ግን አያውቅም።

ዳቦውን ከኢያቄም ጋር ተካፈልን። ጣቶቻችን ተነካኩ። በዚያ ሁዳዴ ከዚህ የባሰ ኃጢአት አልሠራንም።

ከሳምንት በኋላ ድፍረት አገኘሁ። ቁራሽ ኬኩ ላይ፣ በጾም ቸኮሌት፣ አንድ ፊደል ጻፍኩለት፦ “እ”። የሚቀጥለው ሮብ “ወ”። አርብ “ድ”። ስድስት ፊደል፣ ሦስት ሳምንት። በእጄ ጽሕፈት እተማመን ነበር፤ “እ”ዋ ብቻዋን ሥዕል ነበረች። ኢያቄም ሰሐኑን ይዞ ሁልጊዜ በፊደሉ በኩል ጀምሮ ይበላል። እወድሃለ ድረስ በላኝ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። መልሱን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ እንዳቆየ፣ ይህም የዲያቆን ትዕግሥት እንደሆነ ለራሴ አስረዳሁ። የቀረችው “ሁ” ብቻ ነበረች፤ ለሮብ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ ሳሎናችን በሰማያዊ ጨርቅ ተሞልቷል። ለፋሲካ የታዘዘ ነው። እናቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ፣ አንድ ረጅም ልጅ ትለካለች። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እጆቹን ዘርግቷል።

“ቀጥ በል፣ ተባረክ። ትከሻ አርባ ስድስት። ራኬብ፣ ጻፊልኝ እስቲ፣ መጣሽ? ይሄ የሀይሌ ጋርመንት ቸርች ቴነር ነው። ድምፅህ ግሩም ነው አሉኝ፣ አይደል ኢያቄም?”

ልጁ ዞረ። እጆቹን ማውረድ ረስቷል።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተያየን አላውቅም። በመሐላችን ሚካኤል አለፈ፣ አቦ አለፈ፣ የጋለ ጠጠርና የወንድ በር አለፈ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ የታዳጊ መዘምራን ፎቶ አለ፤ ከፊት ረድፍ ሦስተኛዋ፣ አፏን የከፈተችው፣ እኔ ነኝ። ፎቶውን አየ። እኔን አየ።

“ልጄ ናት። የእኛ ቸርች ሶፕራኖ” አለች እናቴ በኩራት። “ትተዋወቃላችሁ እንዴ?”

“አንተዋወቅም፣ እህት ፅጌረዳ” አለ ኢያቄም። በዚያ ሰዓት ከዚህ የበለጠ እውነት አልነበረም።

እናቴ እንግዳ ሳይበላ አይወጣም ብላ እንቁላል በቅቤ ጠብሳ አመጣች። እንደ ልማዷ ሁለት ብርጭቆ ወተትም አስከተለች። የሁዳዴ አርባ ሦስተኛው ቀን ነበር። ሰሐኑን መሐላችን አስቀምጣ ቆመች።

“ምነው? አይበላም እንዴ?”

ኢያቄም ቀድሞ ቆረሰ። እኔ ተከተልኩ። ከዚያ አንድም ቃል ሳንናገር፣ ሳንተያይ፣ ከእሳት እንደምናወጣው ያህል እየተሻማን ሰሐኑን ጠረግነው። ወተቱን በአንድ ትንፋሽ ጠጣን። ከንፈሩ ላይ ነጭ መስመር ቀርቷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ምግብ በልቼ አላውቅም። የወተት ትምህርት ለምን መረጥሽ ሲሉኝ ለሆላንዶቹ ሌላ ነገር ነው የነገርኳቸው።

እናቴ ግን እኔን ነበር የምታየው። “ራኬብዬ፣ ጾምሽንስ?”

ሌላ ነገር አልመጣልኝም። “ጸሎቴ ተመለሰ” አልኩ።

“ሃሌሉያ!” አለች። ከዚያ እኔን አየች፤ አፉ እንቁላል የሞላውን ቴነር አየች፤ እንደገና እኔን አየች። ፊቷ ላይ ቀስ በቀስ አንድ ነገር ሲበራ ተመለከትኩ፤ ሊጠፋ የማይችል ነገር።

“አንተ ልጅ” አለች ሜትሩን ከአንገቷ እያወረደች፣ “የእናትህን ስልክ ስጠኝ እስቲ።”

ያኔ የፈራሁት ሁሉ አልደረሰም። ማንም አልተቆጣም። የደረሰው ሌላ ነው። ሁለቱ እናቶች በስልክ አርባ ደቂቃ አወሩ፤ ኢያቄምም ለካ አርባ ቀን ወተት አልጠጣም ብሎ እናቱ በቸርቻቸው መስክራለታለች። ሁለት ልጆች፣ ሁለት ቸርች፣ አንድ ጾም! ከዚህ የበለጠ ምን ምልክት ይፈለጋል? በፋሲካ ቤታቸው ተጠራን። በዳግም ትንሣኤ ቤታችን ተጠሩ። ገና ልጆች ናችሁ፣ ግን ጌታ ከሩቅ ያዘጋጃል እያሉ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡናል፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ የወጣቶች አገልጋይ መጥቶ ስለ ንጹሕ ጓደኝነት ያስተምረናል። አብረን ዱኤት እንድንዘምር ተወሰነ። ድምፃችን አልገጠመም።

ኬክ ቤቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ በግልጽ አወራን።

“ሮብና አርብ ብቻ ለምን ነበር የምትመጣው?”

“ማክሰኞ ልምምድ አለኝ። ሐሙስ ጸሎት፣ ቅዳሜ ልምምድ። ሰኞ እናቴን አግዛለሁ” አለ። ስለራሴ የሚያወራ መሰለኝ። “ያንን ኬክ ግን ከልብሽ ትወጂው ነበር?”

“እጠላው ነበር።”

“እኔም” አለ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ የምንለው ጠፋን። ለእሱ ስል የምዋሸው ሰው አልቀረም፤ ለእኔ ሲል የሚጾመው ቀን የለም። አሁን ለመገናኘት የሚያስፈልገን ታክሲ ብቻ ነው። እስከ ሰኔ ሰልፉ አጭር ሆነለት፤ ወደ ውስጥ ሳይገባ በእጁ ሰላም እያለኝ ይሳፈር ጀመር። ሳንጣላ ተለያየን። የተዋደዱት እናቶቻችን ናቸው፤ ዛሬም በየሳምንቱ ይደዋወላሉ።

ዘንድሮ ከሆላንድ ለሦስት ወር ብዬ መጥቼ ይኸው ስድስተኛው ወር ነው። ልመለስ ወይስ ልቅር ብዬ ስለማልወስን እናቴ ትጸልይልኛለች፤ በምን በኩል እንደምትጸልይ ግን አትነግረኝም። ባለፈው ሮብ “ወርቅዬን ሳታያት ልትሄጂ ነው?” አለችኝ። ሄድኩ።

የታክሲው ሰልፍ አሁንም በራቸው ድረስ ነው። ሥዕሉ አለ። ታሪኩ የራሱን ዳቦ ቤት ከፍቷል። እትዬ ወርቅዬ መነጽር አድርገዋል፣ ሰውነታቸው ቀንሷል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሳሙኝ፣ ከሳሽ አሉኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስለ ድሮው አነሳሁና፣ ኢያቄምን የአቦ ሰንበት ተማሪ ነው ብሎ ማን እንደነገራቸው ጠየቅኋቸው።

“ማንም” አሉ።

“ታዲያ?”

“ከራሴ ነዋ። እናትሽ አደራ ብላኛለች! ልጁም እንዳንቺው ጴንጤ ነው፣ ዓይኑን ካንቺ ላይ አያነሳም። ወንድ ዝር አይልም ብያለሁ፣ ምን ላድርግ? ሃይማኖት ቢለያቸው ይተዋወቃሉ እንጂ አይቀራረቡም አልኩ። ላንቺ ዲያቆን ነው አልኩሽ። ለሱ ደግሞ የቄስ ልጅ ናት፣ አጥባቂ ናት፣ ተጠንቀቅ አልኩት።” መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከሳቅ ይሁን ከእርጅና አልለየሁም። “ጉድ እኮ ነው! ሁለት ጴንጤ አርባ ሁለት ቀን አስጾምኩ። መቼም ከዚህ ቤት ገብቶ የወጣ በጎ ሥራ ካለ እሱ ይቆጠርልኛል።”

“አውቀውብን ዝም አሉ?”

“የጾሙ ኬክ እንደዚያ ዓመት ተሸጦ አያውቅም። ደግሞ ልጁ አሳዘነኝ። እየበላ ከጓዳ ታሪኩን ውኃ ይለምን ነበር፣ አንቺ እንዳታዪው።”

ይህንን አላውቅም ነበር።

“አሁን የት ነው?”

“እዚሁ ነዋ! ሚስቱን እዚህ ነው ያገኛት፣ በሮብ፣ የጾም ኬክ ስትበላ። በዓላቱን አንድ ባንድ በቃሉ ሲጠራላት ጊዜ ልጅቷ ቀለጠች። አሁን ከልቡ ነው የሚጾመው። እናቱ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ታረቀች።”

ለእኔ ብሎ ያጠናውን ለሌላ ሰው ተፈተነበት፤ አለፈም። እናቴ ይህንን ስድስት ወር ሙሉ አልነገረችኝም።

“አንድ ነገር ልጠይቅዎት” አልኩ። “ኬኩ ላይ ፊደል እጽፍለት ነበር። አይቶት ያውቃል?”

እትዬ ወርቅዬ ጠረጴዛውን በፎጣ መጥረግ ጀመሩ። ንጹሕ ነበር።

“ጠይቆኝ ነበር። ‘እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?’ ብሎ።”

“ምን አሉት?”

“ኬኩ የተጋገረበት ቀን ምልክት ነው አልኩት። ታሪኩ እንዳይሳሳት።” ቀና ብለው አላዩኝም። “አደራ አለብኝ እኮ፣ ራኬብ።”

ውጭ ረዳቱ ሀይሌ ጋርመንት፣ ሀይሌ ጋርመንት ይላል። እትዬ ወርቅዬ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ተነሱ።

“ምን ላምጣልሽ? የጾም ነው የፍስክ?”

“የጾም።”

“ሂጂ ወዲያ! አሁን ማን አለ የምታስመስዪለት?”

ኬኩ መጣ፤ ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ ማርማላታው ስስ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለችውን ልጅ ቸኮሌት የሞላ ኮን እንድታውሰኝ ለመንኳት። እጄ አልረሳውም፤ በአንድ ምት “ሁ” ብዬ ጻፍኩ።

እትዬ ወርቅዬ በመነጽራቸው ላይ አጮልቀው አዩት። “ምንድን ነው እሱ ደግሞ?”

“የተጋገረበት ቀን” አልኳቸው።

በፊደሉ በኩል ጀመርኩ። እንደ ድሮው ደረቅ ነው። ሻይ አዘዝኩ።